ዘፈን ወግን ሲነካ

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታችን ፈሪሳውያንንና ጻፎችን «የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ትታችሁ የሰውን ወግ ትጠብቃላችሁ» ብሎ የገሠጻቸው፣ ደቀ መዛሙርቱ እጃቸውን ሳይታጠቡ በሉ ብለው በከሰሱ ጊዜ ነበር (ማርቆስ 7፥8)። ቃሉ ስለ ዘፈን የተነገረ አይደለም። ሆኖም አንድ ዘፈን የማኅበረሰቡን ልማድ ተዳፈረ ተብሎ ክርክር በተነሣ ቁጥር አስቀድመን ልንጠይቀው የሚገባን ጥያቄ በውስጡ አለ፤ የተነካው የእግዚአብሔር ትእዛዝ ነው ወይስ የሰው ወግ?

ሁለቱን መለየት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙ ዘመን የኖረ ወግ የትእዛዝን ልብስ ይለብሳል። በአሜሪካ ደቡብ ጥቁሩን ከነጩ ለይተው ያስቀምጡ ከነበሩት መካከል ብዙዎቹ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ፣ ለልማዳቸውም ከመጽሐፍ ቅዱስ ጥቅስ የሚጠቅሱ ሰዎች ነበሩ። ጥቁር አሜሪካዊቷ ዘፋኝ ቢሊ ሆሊዴይ እ.ኤ.አ. በ1939 በመንጋ ፍርድ ተገድለው በዛፍ ላይ ስለሚሰቀሉ ጥቁሮች በኒው ዮርክ የምሽት ክበብ ስትዘፍን፣ ታስቀርጽበት የነበረው ትልቅ የሸክላ ኩባንያ ያንን ዘፈን ለመቅረጽ ስላልደፈረ በሌላ አነስተኛ ኩባንያ ታተመ። ከየምስባኩ ሊሰማ ይገባ የነበረው ጩኸት ከምሽት ክበብ መሰማቱ እኔን ያሳፍረኛል።

ወግ በቤተ ክርስቲያን ውስጥም አለ። ጥቁር አሜሪካዊው ቶማስ ዶርሲ የሰባኪ ልጅ ሆኖ ሳለ፣ ብሉዝ በሚባለው የጥቁር አሜሪካውያን የዘፈን ስልት በፒያኖ ተጫዋችነት ስም ያወጣ ሰው ነበር። በኋላ ያንኑ የብሉዝ ስልት ወደ መዝሙር ሲያመጣው ብዙ መጋቢዎች ዓለማዊ ነው ብለው በር ዘጉበት። እ.ኤ.አ. በ1932 ሚስቱ በወሊድ ሞተችበት፤ ሕፃኑም ወዲያው ተከተላት። ከዚያ ኀዘን ውስጥ፣ ጌታ እጁን ይዞ እንዲመራው የሚለምን መዝሙር ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1968 ማኅሊያ ጃክሰን በማርቲን ሉተር ኪንግ ቀብር ላይ የዘመረችው ይህንኑ ነው። እነዚያ መጋቢዎች ክፉዎች ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ የለመዱትን ዜማ ከቅድስና ጋር ስላመሳሰሉት፣ ያ የተናቀው ስልት የተሰበረ ልብ ጸሎት ሊሆን እንደሚችል አልታያቸውም።

ይህን ስል ወግን የሚነቅፍ ዘፈን ሁሉ የተባረከ ነው እያልሁ አይደለም። ሙሴ ከተራራው ሲወርድ የሰማው የዘፈን ድምፅ በወርቅ ጥጃ ዙሪያ የሚዘፍኑ ሰዎች ድምፅ ነበር፤ በባቢሎንም ሕዝቡ ለምስሉ ይሰግድ ዘንድ ምልክት የሆነው የዘፈን መሣሪያ ሁሉ ድምፅ ነው (ዘጸአት 32፤ ዳንኤል 3)። የጋብቻን ቃል ኪዳን የሚያላግጥ ወይም ስካርን የሚያወድስ ዘፈን ራሱን የነፃነት ድምፅ ብሎ ቢጠራም፣ የሚያፈርሰው ወግን ሳይሆን ትእዛዝን ነው። እኔ በበኩሌ ሌላም ነገር እመለከታለሁ፤ ዘፋኙ በዘፈኑ ምን አጣ፣ ምንስ አተረፈ? የደቡብ አፍሪካዊቷ ሚሪያም ማኬባ እ.ኤ.አ. በ1960 እናቷን ለመቅበር ወደ አገሯ እንዳትመለስ ፓስፖርቷ ተሰርዞባታል፤ እ.ኤ.አ. በ1963 በተባበሩት መንግሥታት ፊት ስለ አገሯ የዘር መድልዎ ሥርዓት ስለ አፓርታይድ ከመሰከረች በኋላም ዘፈኖቿ በአገሯ ታገዱ። እንዲህ ያለ ዋጋ መክፈል ብቻውን አንድን ሰው ጻድቅ ባያደርገውም፣ ድፍረትን መሸጫ ካደረገው ሰው ይለየዋል።

ቅዱስ መጽሐፍ ራሱ በየመንገዱ የተዘፈነ አንድ ዘፈን ይነግረናል። ሴቶቹ ከበሮ ይዘው ስለ ተገደሉት ጠላቶች ሲዘፍኑ ለሳኦል ሺህ፣ ለዳዊት ግን እልፍ ሰጡ፤ በዚያች ቀን ንጉሡ ሳኦል በቅንዓት ተቃጠለ (1ኛ ሳሙኤል 18)። ዘፈኑ ድንበር ተሻግሮ ፍልስጥኤማውያን ዘንድ ደርሶ ስለ ነበር፣ ዳዊት ሸሽቶ ጌት ሲገባ የጌት ንጉሥ የአንኩስ አገልጋዮች ያወቁት በዚያው ዘፈን ነው። ያወደሰው ዘፈን ሊያስገድለው ሲል፣ ዳዊት እንደ እብድ ሆኖ በጢሙ ላይ ልጋጉን እያዝረበረበ አመለጠ። በአርእስቱ ስለዚያ ማምለጥ በሚናገረው በመዝሙር 34 ውስጥ ስለ እልፍ አንድም ቃል የለም፤ ዳዊት ስለ ራሱ የዘመረው «ይህ ችግረኛ ጮኸ፥ እግዚአብሔርም ሰማው» ብሎ ነው።