«የመቶ ዓመት ጎርፍ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ስለ ድልድይ ሲወራ «ለ100 ዓመት ጎርፍ የተሠራ ነው» ሲባል ትሰማላችሁ። ብዙ ሰው በመቶ ዓመት አንዴ ብቻ የሚመጣ ጎርፍ ይመስለዋል። አይደለም፤ ይህ አረዳድ ደግሞ ሰውን ያዘናጋል።

ቃሉ የሚናገረው ስለ ዕድል ነው። ያን ያህል ወይም ከዚያ የባሰ ጎርፍ በየትኛውም ዓመት የመምጣት ዕድሉ ከ100 አንድ ነው። እንደ ዕቁብ ዕጣ አትዩት። ዕቁብ ላይ አንዴ የደረሰው ሰው ከዕጣው ይወጣል። እዚህ ግን የወጣው ዕጣ ተመልሶ ይገባል፤ አምና የመጣ ጎርፍ ዘንድሮም ሊመጣ ይችላል። ወንዝ ዳር 30 ዓመት ለሚኖር ቤተሰብ፣ ቢያንስ አንዴ የማየት ዕድሉ 26 በመቶ ገደማ ነው። ቀላል አይደለም!

መሐንዲሶች ለትንሽ የመንገድ ዳር ቦይ ከ100 ያነሰ ዓመት ጎርፍ፣ ለትልቅ ድልድይ ደግሞ ረዘም ያለ ዓመት ጎርፍ ይመርጣሉ። ወጪው ነው ጉዳዩ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲያባራ ቀበና ድልድይ ላይ ቆም ብላችሁ ወደ ታች እዩ። ከእንጦጦ በኩል የወረደው ውሃ ደፍርሶ፣ ቅርንጫፍና የፕላስቲክ ጠርሙስ እየገፋ ይጋልባል። እንዲህ ያለ ጎርፍ የመምጣት ዕድሉ የሚሰላው ባለፈው ዘመን የዝናብ ወይም የወንዝ ፍሰት መዝገብ ነው። ያኔ ውሃ ይመጥ የነበረው አፈር ዛሬ አስፋልትና ሲሚንቶ ለብሷል፤ አየሩም እየሞቀ ነው። ስለዚህ በድሮ መዝገብ «የ100 ዓመት» የተባለው ጎርፍ አሁን ቶሎ ቶሎ ሊመጣ ይችላል። ግማሹ በቆሻሻ የተደፈነ ቱቦ ደግሞ ወረቀት ላይ የተጻፈለትን ያህል ውሃ አያሳልፍም።