መንፈሱ ከባሕር ወጣ፣ የፈራ ግን የለም

ራቅ ባለ የዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ የሚሠራ አስፈሪ ፊልም ሲጀምር ደስ ይላል። ጭጋግ አለ፣ አሮጌ ጀልባ አለ፣ ምስጢር የሚደብቅ መንደርተኛ አለ። ከዚያ መሐል ላይ ይሞታል። ስለነዚህ ፊልሞች ሲወራ የምንደረድራቸው አባባሎች ደግሞ አብዛኞቹ አያስኬዱም።

«በጀት አንሶት ነው።» የዳይሬክተር ጆን ካርፔንተር «ዘ ፎግ» («ጭጋጉ») እ.ኤ.አ. በ1980 ሲወጣ የፈጀው 1.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። የሰመጠች መርከብ ሙታን በጭጋግ ተሸፍነው ወደ አንዲት የካሊፎርኒያ የባሕር ዳር ከተማ ይመጣሉ። እስከ ዛሬ ተመልካች አለው። በ2005 እንደገና ሲሠራ 18 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት፣ ካርፔንተር ራሱም ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ነበር። ተቺዎች ግን አብጠለጠሉት።

«በገቢ አንደኛ ከወጣ ጥሩ ነው።» ያው የ2005ቱ ፊልም አሜሪካ ውስጥ በወጣበት ሳምንት አንደኛ ነበር። ሰው ትኬት የሚቆርጠው ፊልሙን ሳያየው ነው እኮ!

«አንዴ የተበላሸ ፊልም አይድንም።» ካርፔንተር የ1980ውን ፊልም የመጀመሪያ ቅጂ ሲያየው አልወደደውም። ተመልሶ አዳዲስ ትዕይንቶች ቀረጸ። አንድ ሽማግሌ ሌሊት እሳት ዳር ለልጆች የመርከቧን ታሪክ የሚያወራበት መክፈቻ የመጣው ያኔ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ፊልሙን ያዳነው ያ መክፈቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባዶ ጭጋግ ብናይ እንኳ ውስጡ ማን እንዳለ እናውቃለን።

«ጭራቁ በደንብ ስላልታየ ነው።» መንፈስ ባይኖርበትም የሻርኩን ፊልም «ጆውስ»ን አስታውሱ፤ 1975። ሜካኒካል ሻርኩ ጨዋማ ውኃ ውስጥ እየተበላሸ ስላስቸገረ ብዙ ሳይታይ ቀረ። ማን አልፈራም?

«መንደሩ ሩቅ ከሆነ በራሱ ያስፈራል።» ይሄ ነው ብዙዎቹን የሚጥላቸው። ስንቱ ፊልም ላይ ነው አንድም ሰው መረብ ሲጎትት የማናየው? ሁሉም መጠጥ ቤት ተቀምጦ እንግዳውን በክፉ ዓይን ያያል። ሥራቸውን ካላየን ባሕሩ ምን እንደሚሰጣቸው አናውቅም። ስለዚህ ሙታን እየመጡባቸው ለምን ጓዛቸውን ጠቅልለው እንደማይሄዱ አይገባንም። የማይገባን ሰው ቢሞትም ግድ አይሰጠን።

«በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው።» በዲሴምበር 1900 በስኮትላንድ ፍላናን ደሴቶች ሦስት የመብራት ማማ ጠባቂዎች ጠፉ። ያልተበላ ምግብና የተገለበጠ ወንበር ተገኘ ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ያንን ያመጣው ዊልፍሪድ ጊብሰን በ1912 ያሳተመው ግጥም ነው። ቦታውን የመረመረው ኃላፊ ያገኘው ሌላ ነው፦ ከባሕሩ 30 ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ የገመድ ሳጥን እንኳ በማዕበል ተሰባብሯል። ሰዎቹንም ባሕሩ ጠርጎ እንደወሰዳቸው ደመደመ። እኔን ከመናፍስቱ ሁሉ በላይ የሚያስፈራኝ ያ ማዕበል ነው። ፊልም ሠሪዎች ግን አሁንም ወንበሩን ይመርጣሉ።