ስለማይቋረጥ ሰርቨር እና ስለሚቆራረጥ ስልክ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሐዋሳ ያሉ ሆቴሎች፣ የግል ክሊኒኮችና ኮሌጆች የስልክ ማዞሪያቸውን ግድግዳ ላይ ከተሰቀለው ሳጥን አውርደው በሰርቨር ላይ ወደሚሠራ ሶፍትዌር ማዛወር ከጀመሩ ወዲህ፣ ቀድሞ የማይገናኙ የነበሩ ሁለት ጥያቄዎች አንድ ላይ መጥተዋል። አንደኛው «ሰርቨሩ ቢበላሽ ሥራ እንዳይቆም ምን እንግዛ?» የሚል ሲሆን፣ ሌላው «የኢንተርኔት ስልካችን ድምፅ ለምን ይቆራረጣል?» የሚል ነው። ሁለቱንም በተመለከተ በየስብሰባው ከመደጋገማቸው የተነሣ እንደ እውነት የሚቆጠሩ አባባሎች አሉ፤ ግዥ ከመፈጸሙ በፊት መታረም ያለባቸውን ከዚህ በታች አንድ በአንድ እንመለከታለን።

«ሁለት ሰርቨር ከገዛን ‹ሲስተም የለም› የሚባል ነገር ይቀራል»

ሃይ አቬይለቢሊቲ እየተባለ የሚሸጠው አሠራር የሚገባው ቃል ገዢው ከሚያስበው ያነሰ ነው። አንዱ ሰርቨር ሲሞት በላዩ ይሠሩ የነበሩት ቨርቹዋል ማሽኖች (በአንድ ሰርቨር ውስጥ በሶፍትዌር ተከፋፍለው እንደ ራሳቸውን የቻሉ ኮምፒውተሮች የሚሠሩት) በሌላው ሰርቨር ላይ እንደ አዲስ ይነሣሉ እንጂ ካቆሙበት አይቀጥሉም። በሜሞሪ ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል፣ ዳታቤዙ ራሱን ይፈትሻል፣ በዚያች ቅጽበት በማዞሪያው በኩል የሚያልፉ ጥሪዎችም ይቋረጣሉ። ቨርቹዋል ማሽኖችን የሚያስተዳድረው ፕሮክስሞክስ የተባለው ሶፍትዌር አዘጋጆች ራሳቸው በመመሪያቸው ላይ ብልሽቱን ለይቶ ማሽኑን ሌላ ቦታ ለማስነሣት በተለምዶ 2 ደቂቃ ያህል እንደሚፈጅ አስፍረዋል። ለሆቴል እንግዳ መቀበያ 2 ደቂቃ የሚታገሡት ነው፤ ለድንገተኛ ሕክምና ጥሪ መቀበያ ግን አይደለም።

ያለ መቋረጥ የሚቀጥል አሠራርም አለ። ሌላው የዚህ ዓይነት ሶፍትዌር አቅራቢ ቪኤምዌር ፎልት ቶለራንስ የሚለው፣ የማሽኑን ቅጂ በሁለተኛው ሰርቨር ላይ ጎን ለጎን እያስኬደ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ወዲያው የሚተካበት ነው። ዋጋው ግን የፕሮሰሰርና የሜሞሪ ፍጆታን እጥፍ ማድረግ ነው፤ በዚያ ላይ ማሽኑ ውስጥ ያለው ሶፍትዌር ራሱ ከተበላሸ ቅጂውም አብሮ ይበላሻል። በሽያጭ ወረቀት ላይ የሚታየውን 99.9 በመቶም ወደ ሰዓት መልሶ ማየት ይበጃል፦ በዓመት 8 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያህል መቆምን ይፈቅዳል። 99.99 በመቶ ሲሆን ወደ 53 ደቂቃ ይወርዳል።

«ሁለት ይበቃል፤ ሦስተኛው ብክነት ነው»

በጣም ውድ ዋጋ የሚያስከፍለው ስሕተት ይህ ይመስለኛል። ሁለት ሰርቨሮች ብቻ ሲኖሩ አንዱ ሌላውን ማግኘት ቢያቅተው፣ ጓደኛው ሞቶ ይሁን በመካከላቸው ያለው ገመድ ተነቅሎ የሚያውቅበት መንገድ የለውም። ስለዚህ ክላስተሮች (እንደ አንድ ተጣምረው የሚሠሩ ሰርቨሮች) የሚወስኑት በድምፅ ብልጫ ነው። ከሁለት ድምፅ አንዱ ደግሞ ብልጫ ስላልሆነ፣ አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ የቀረው ጤነኛ ሰርቨርም ሥራውን ያቆማል። ሁለት ተገዝቶ ሁለቱም ቆሙ ማለት ነው። ይህን ያየ ባለሙያ «አንድ ድምፅ ይብቃው» ብሎ ቅንብሩን ሲለውጥ የባሰ ይመጣል፤ ገመዱ ብቻ በተቋረጠ ጊዜ ሁለቱም ሰርቨሮች አንዱን ማሽን በየፊናቸው አስነሥተው በአንድ ዲስክ ላይ መጻፍ ይጀምራሉ፣ መረጃውም ከጥቅም ውጪ ይሆናል።

መፍትሔው ሦስተኛ ድምፅ ነው፤ ሦስተኛ ድምፅ ግን የግድ ሦስተኛ ትልቅ ሰርቨር ማለት አይደለም። በፕሮክስሞክስ ኪው-ዲቫይስ፣ በማይክሮሶፍቱ ሃይፐር-ቪ ዊትነስ የሚባለው ድምፅ ሰጪ በአንድ ተራ ዴስክቶፕ ላይ ሊሠራ ይችላል፤ ሥራው መመስከር ብቻ ነው። ይህን ምስክር በዚያው ክላስተር ውስጥ ባለ ቨርቹዋል ማሽን ላይ የሚጭኑ አልጠፉም። ሰርቨሩ ሲወድቅ ምስክሩም አብሮ ይወድቃልና ከንቱ ድካም ነው።

«ሰርቨሮቹ ሁለት ስለሆኑ አደጋው ተከፍሏል»

ሰርቨሮቹ ከተደረደሩበት ራክ በስተኋላ ዞሮ ገመዶቹን በጣት መከተል ከማንኛውም ዝርዝር ሰነድ ይበልጥ ያስተምራል። እያንዳንዱ ሰርቨር ሁለት የኃይል መስጫ አለው፣ በድምሩ አራት ገመድ ይወርዳል። አራቱም አንድ ዲቫይደር ላይ ተሰክተዋል፣ ዲቫይደሩ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ መሣሪያ) ላይ፣ ዩፒኤሱ አንድ ሶኬት ላይ። የኔትወርክ ገመዶቹም ወደ አንድ ስዊች ይገባሉ፣ የጋራ ዲስኩ ደግሞ አንድ ሳጥን ነው። በወረቀት ላይ ሁለት የነበረው ነገር በተግባር አንድ ሆኖ ይገኛል።

በክረምት ከሰዓት በኋላ ዝናብና ነጎድጓድ ሲመጣ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቱን የሐዋሳ ነዋሪ ያውቀዋል። ዩፒኤስ የሚሰጠው ጄኔሬተሩ እስኪነሣ የሚበቃ ደቂቃ ነው፣ ባትሪውም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይደክማል። ስለዚህ ዩፒኤሱ ከሰርቨሮቹ ጋር በገመድ ተገናኝቶ፣ ባትሪው ሊያልቅ ሲል በሥርዓት እንዲዘጉ ማዘዝ መቻል አለበት። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ኮሪደር ላይ ያለው ስዊች ነው፤ ቀፎዎቹ ኃይል የሚያገኙት በኔትወርክ ገመዱ ከእርሱ ስለሆነ፣ ያለ ዩፒኤስ ከተተወ ማዞሪያው በሕይወት እያለ ፎቁ በሙሉ ስልክ አልባ ይሆናል።

«ክላስተር ካለን ባክአፕ አያስፈልገንም»

ክላስተር የተበላሸ ዕቃን ይተካል፣ የተሳሳተ እጅን አይመልስም። አንድ ሠራተኛ በስሕተት የደመሰሰው ፋይል፣ ወይም ቫይረስ የቆለፈው መረጃ፣ ወደ ሁለተኛው ሰርቨር የሚገለበጠው ልክ እንደ ጤነኛው መረጃ ነው። ከክላስተሩ ውጪ፣ ቢቻል ከሕንፃውም ውጪ የተቀመጠና አልፎ አልፎ ተመልሶ እየተከፈተ የሚሞከር ባክአፕ የግድ ነው።

«ስሙ የገነነውና ውዱ ነው የሚያዋጣው»

ብሮድኮም ቪኤምዌርን እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ጠቅልሎ ከገዛ በኋላ፣ አንድ ጊዜ ከፍሎ ለዘለቄታው መያዝ ቀርቶ ፈቃዱ በየጊዜው የሚታደስ ክፍያ ሆኗል። የውጭ ምንዛሪ ለማግኘት ለሚቸገር ተቋም ይህ ከቴክኒኩ በፊት የሚመጣ ጉዳይ ነው። ፕሮክስሞክስ ያለ ፈቃድ ክፍያ ይሠራል፤ የቆመበት ኬቪኤም የተባለው የቨርቹዋል ማሽን ሞተር ከ2007 ጀምሮ የሊኑክስ አካል ነው። ኤክስሲፒ-ኤንጂም ዜን በተባለ ሌላ ሞተር ላይ የተመሠረተ ነጻ አማራጭ ነው። ሃይፐር-ቪ ደግሞ ዊንዶውስ ሰርቨር ላለው ሰው አብሮ የመጣ ነው። በእኔ ግምት ወሳኙ ጥያቄ እሑድ ማታ ሲበላሽ እዚሁ ሐዋሳ ውስጥ ማን ይጠግነዋል የሚለው ነው።

ከሶፍትዌሩ ስም ይልቅ ሊመረመር የሚገባው የዲስኩ አያያዝ ነው። ሴፍ የተባለው የጋራ ማከማቻ መረጃውን በየሰርቨሩ ወዲያው ወዲያው ይጽፋል፤ ግን ቢያንስ ሦስት ሰርቨርና በሰከንድ 10 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ኔትወርክ ይፈልጋል። በፕሮክስሞክስ የዜድኤፍኤስ (የዲስክ አያያዝ ሥርዓት) ቅጂ አሠራር ግን፣ ካልለወጡት በቀር፣ መረጃው ወደ ሁለተኛው ሰርቨር የሚሻገረው በየ15 ደቂቃው ነው። ብልሽት ቢደርስ ከመጨረሻው ቅጂ ወዲህ ያለው ይጠፋል። ለስልክ ማዞሪያ የጠፋው ጥቂት የጥሪ መዝገብ ነውና ይቻላል፤ ለገንዘብ ተቀባይ ሶፍትዌር ግን የጠፋው ደረሰኝ ነው፣ አይቻልም።

«ድምፁ የሚቆራረጠው ኢንተርኔቱ ስለሚዘገይ ነው፤ ፍጥነት ይጨመር»

የድምፅ ጥሪ ትንሽ ነገር ነው የሚወስደው። ጥራቱ ከመደበኛ ስልክ ጋር እኩል በሆነው ጂ.711 ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል መረጃ የሚቀይር ስልት) አንድ ጥሪ በየአቅጣጫው በሰከንድ 87 ኪሎቢት ገደማ ይበቃዋል፤ 20 ሰው በአንድ ጊዜ ቢያወራ 2 ሜጋቢት አይሞላም። ታዲያ የብዙ ሜጋቢት መስመር ያለው ቢሮ ለምን ይቸገራል? ምክንያቱም ድምፅ የሚፈልገው ስፋት ሳይሆን ሰዓት ማክበር ነው። ንግግሩ በየ20 ሚሊሰከንዱ ተቆርጦ፣ በሰከንድ 50 ፓኬት (ትንሽ የመረጃ ጥቅል) ሆኖ ይላካል። ፓኬቶቹ የሚደርሱበት የጊዜ ልዩነት፣ ማለትም ጂተሩ፣ ከ30 ሚሊሰከንድ በታች፣ የሚጠፉትም ከ100 አንድ ባይሞሉ ይመረጣል። የፍጥነት መለኪያ ድረ ገጾች በትልቁ የሚያሳዩት ቁጥር ስለዚህ የሚነግረን የለም።

ሐይቅ ዳር ባለ ሆቴል ቅዳሜ ማታ ሠርግ ሲኖር የሚሆነውን እንይ። እንግዶቹ የቀረጹትን ቪዲዮ በዋይፋይ ይልካሉ፣ መላኪያው ይሞላል፣ ራውተሩም የተረፈውን በወረፋ ያቆያል፤ ትንሿ የድምፅ ፓኬት ከሲኖትራክ ሰልፍ ኋላ እንደ ቆመች ባጃጅ ተራዋን ትጠብቃለች። እንግዳ መቀበያው ላይ ባለ ላፕቶፕ በራውተሩ ማዶ ወዳለው የመጀመሪያ አድራሻ ፒንግ (ምላሽ እስኪመጣ ያለውን ጊዜ የሚለካ መልእክት) እየተላከ ቢታይ፣ ለምሳሌ 15 ሚሊሰከንድ የነበረው ቪዲዮው መላክ ሲጀምር 400 ይገባል፣ ሲያበቃ ወዲያው ይመለሳል። እንዲህ ያለ መዋዠቅ ከታየ ምርመራው አለቀ። የደኅንነት ካሜራዎች ወይም ባክአፕ ወደ ውጭ የሚልኩ ከሆነም ውጤቱ ያው ነው።

መድኃኒቱ በራውተሩ ላይ የመላኪያውን ገደብ መስመሩ በእርግጥ ከሚያሳልፈው ትንሽ ዝቅ አድርጎ፣ ለምሳሌ 90 በመቶው ላይ፣ ለድምፅ ቅድሚያ መስጠት ነው። ገደቡ ካልተበጀ ወረፋው ከራውተሩ ወጥቶ እኛ ወደማናዝበት ቦታ ስለሚሄድ ቅድሚያ መስጠቱ ብቻውን አይሠራም። ፍጥነት መጨመር ግን ችግሩን እስከሚቀጥለው ሠርግ ያዘገየዋል እንጂ አያጠፋውም። ይህ ሁሉ ከመደረጉ በፊት ቀፎው ከዋይፋይ ወጥቶ በገመድ ይሞከር፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ የማይደራረቡት ሦስት ቻናሎች ብቻ ስለሆኑ ጎረቤት ሁሉ ይጋፋባቸዋል።

«ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ስለምትርቅ ነው»

ርቀቱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ አንዱን ኪሎ ሜትር በ5 ማይክሮሰከንድ ገደማ ስለሚያልፍ፣ ገመዱ ዞሮ ዞሮ የመንገዱን እጥፍ ቢረዝም እንኳ የርቀቱ ድርሻ 3 ሚሊሰከንድ አይሞላም። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጂ.114 የተባለው ምክረ ሐሳብ ለንግግር ይመቻል የሚለው በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ያለውን መዘግየት ነው። ርቀት የሚጎዳው ማዞሪያው አውሮፓ ካለ ሰርቨር ላይ ሲከራዩት ነው፤ ያን ጊዜ ከምድር ቤት ወደ ሦስተኛ ፎቅ የተደወለ ጥሪ ድምፁ ባሕር ተሻግሮ ሊመለስ ይችላል።

«አንዱ ብቻ የሚሰማ ከሆነ ቀፎው ተበላሽቷል»

ቀፎ ሳይለወጥ መታየት ያለበት ራውተሩ ነው። በኢንተርኔት ስልክ የጥሪው ምልክት ኤስአይፒ በተባለ፣ ድምፁ ደግሞ አርቲፒ በተባለ የመገናኛ ደንብ በተለያየ በር ይጓዛል። ስለዚህ ስልኩ ጠርቶ፣ ተነሥቶ፣ ድምፅ ግን በአንድ ወገን ብቻ ሊያልፍ ይችላል። ብዙውን ጊዜ ማዞሪያው ለውጭው ወገን የነገረው የቢሮውን የውስጥ አድራሻ ነው፤ በ192.168 የሚጀምረውን አድራሻ ደግሞ ከውጭ የሚያገኘው የለም። የውጭው አድራሻ በማዞሪያው ላይ በትክክል ይሞላ፣ የድምፅ በሮቹ ይከፈቱ፣ ራውተሩ ላይ ኤስአይፒ ኤኤልጂ የሚባለው «ረዳት» ይዘጋ፤ ይህ ረዳት ከሚያቃናው የሚያጣምመው ይበልጣል። ጥሪው ሁልጊዜ በ32ኛው ሰከንድ ገደማ የሚቋረጥ ከሆነም ምክንያቱ ከዚሁ ወገን ነው፦ የማረጋገጫ መልእክቱ ስላልደረሰ፣ ኤስአይፒ የሚጠብቅበት ጊዜ ሲያልቅ ጥሪውን ይዘጋዋል።

«የራሴ ድምፅ ከተመለሰብኝ የእኔ ስልክ ነው የተበላሸው»

አብዛኛውን ጊዜ የሌላው ወገን ነው። ድምፅዎ ከእርሱ ድምፅ ማጉያ ወጥቶ በእርሱው ማይክሮፎን ይመለሳል፤ ስለዚህ ድምፁን ዝቅ ማድረግ ያለበት እርሱ ነው።

«ማዞሪያ በቨርቹዋል ማሽን ላይ ጥራት የለውም»

ጥራት የሚያጣው ፕሮሰሰሩ ለብዙ ማሽኖች ከአቅም በላይ ሲከፋፈል ነው። ማሽኑ ተራውን ሲጠብቅ 60 ሚሊሰከንድ ቢቆይ፣ ሦስት ፓኬቶች ዘግይተው በአንድ ጊዜ ይወጣሉ፣ አድማጩም መቆራረጥ ይሰማል፤ መስመሩም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል። በቪኤምዌር ሲፒዩ ሬዲ፣ በሊኑክስ ማሽን ውስጥ ስቲል ታይም የሚባለው ቁጥር ይህን ያሳያል። ለማዞሪያው ሁለት የፕሮሰሰር ኮር ተለይቶ ከተያዘለትና ባክአፑ ከሥራ ሰዓት ወደ ሌሊት ከተዛወረ፣ ለመካከለኛ ቢሮ ከበቂ በላይ ነው።

«ሲገጠም ስለሠራ ተፈትኗል»

ፈተናው ጥሪ እየተካሄደ እያለ ማዞሪያው የሚሠራበትን ሰርቨር የኃይል ገመዶች መንቀል ነው፤ ርክክቡ ከመፈረሙ በፊት፣ ሥራ በሌለበት ቀን፣ ባክአፑ ከተረጋገጠ በኋላ ይደረግ። ማዞሪያው በሌላው ላይ እስኪነሣ ያለው ጊዜ ይያዝ፣ ከዚያም እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ወዳለ ስልክ ይደወል። አንዳንዱ ቀፎ ማዞሪያው ላይ ዳግም የሚመዘገበው በየሰዓቱ እንዲሆን ተሞልቶ ስለሚመጣ ማዞሪያው ከተነሣም በኋላ ገቢ ጥሪ ላይደርሰው ይችላል፤ ያ ጊዜ ወደ 2 ወይም 3 ደቂቃ ዝቅ ተደርጎ ፈተናው ይደገም።