ዲቶክስ ምንድን ነው?

የአክስቴ ልጅ ለጥምቀት ከውጭ መጥታ ፒያሳ ቁጭ ብለን ቡና እየጠጣን ነው። ስልኳን አወጣችና አንድ ፎቶ አሳየችኝ። ነጭ ሳፋ፣ ሁለት እግር፣ ዝገት የመሰለ ቡናማ ውሃ። «ይኸውልህ፣ ከሰውነቴ የወጣው መርዝ!» አለችኝ። ታይላንድ፣ ኮ ሳሙኢ ደሴት ላይ፣ ባሕር ዳር ባለ የቅንጦት ዌልነስ ሪዞርት ሰባት ቀን ቆይታ መምጣቷ ነው።

ዝም ማለት አልቻልኩም። ሳፋው ውስጥ የጨው ውሃ አለ፣ ብረት አለ፣ ኤሌክትሪክ አለ። ኤሌክትሪክ በጨው ውሃ ውስጥ ሲያልፍ ብረቱ ይዝጋል። ውሃው ቡናማ የሚሆነው ለዚህ ነው። እግር ባይገባበትም ያው ነው።

የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። «ዲቶክስ»፣ ማለትም ቶክሲንን (መርዝን) ከሰውነት ማስወጣት፣ የሚለውን ቃል በየሳምንቱ እሰማለሁ፣ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ያለቦታው። በእኛ ሥራ ዲቶክስ ሲባል መርዙ ስም አለው። መተማ የሰሊጥ እርሻ ላይ ፀረ ተባይ ሲረጭ የዋለ ልጅ አረፋ እየደፈቀ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቦ ይመጣል። አትሮፒን እንሰጠዋለን፣ ደረቱ እስኪደርቅ ድረስ እየደጋገምን። ፓራሲታሞል ከመጠን በላይ የወሰደ ሰው ማርከሻው አሴቲልሲስቴይን ይሰጠዋል። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው ደግሞ በሐኪም ክትትል ቀስ ብሎ እንዲላቀቅ ይደረጋል። በነገራችን ላይ እንዲህ ያለ ሰው ቤቱ ዘግቶ በአንድ ቀን ላቁም ቢል የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊይዘው፣ ሊሞትም ይችላል። ቤተሰቡ በጀግንነት እንዳይገፋፋው።

እንግዲህ የሪዞርቱን ሰዎች መጠየቅ ያለብን አንድ ነገር ነው፦ የትኛውን መርዝ ነው የምታወጡት? የአክስቴ ልጅ ጠይቃ እንደሆነ ጠየቅኳት። «ቶክሲን ነዋ!» አለችኝ።

ችግሩ ያለው ጉበትን በምናስብበት መንገድ ላይ ይመስለኛል። ሰው ጉበቱን እንደ ወንፊት ያየዋል። ቆሻሻ ይጠራቀምበታል፣ ስለዚህ በዓመት አንዴ መታጠብ አለበት ብሎ ያስባል። ጉበት ግን ወንፊት አይደለም። ግብጦ የምታዘጋጅ እናት ናት። ግብጦ ጥሬውን ቢበላ መራራ ብቻ አይደለም፣ ይጎዳል። እናት ትቆላዋለች፣ ከዚያ ትዘፈዝፈዋለች፣ ውሃውን እየደፋች ሌላ ትቀይርለታለች። ከቀናት በኋላ መራራው በውሃ ይወጣል። ጉበትም እንዲሁ ነው። በውሃ የማይሟሟውን መድኃኒት ወይም ኬሚካል መጀመሪያ ቅርጹን ትለውጠዋለች፤ ይኼ መቁላቱ ነው። ቀጥላ ሌላ ነገር ታጣብቅበትና በውሃ የሚሟሟ ታደርገዋለች። ከዚያ በኋላ በሐሞት ወይም በሽንት ይወጣል። ኩላሊት በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ አጣርቶ፣ አብዛኛውን መልሶ ወደ ደም ያስገባና ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ በሽንት ያስወጣል።

አንዳንዴ መቁላቱ ራሱ ነገሩን ያብሰዋል። ፓራሲታሞል ሲበዛ ጉበትን የሚገድለው እዚያው ጉበት ውስጥ የተሠራው ነገር ነው። ከግብጦው የሚለየው ደግሞ፣ ግብጦ አንድ ዙር ተዘፍዝፎ ያልቃል፤ የጉበት ግን አያልቅም። ተኝተን እንኳ ውሃው እየተቀየረ ነው። እናትየዋ ራሷ ከታመመች የዝንጅብል ጭማቂ አያድናትም። እኛ አገር ጉበት የሚያጠፋው የታወቀ ነው፤ አንዱ ሄፓታይተስ ቢ ነው። ምርመራ አለው፣ ክትባት አለው። ለጉበቱ የሚያስብ ሰው ከዚህ ይጀምር።

«ሦስት ኪሎ ቀነስኩ እኮ!» አለችኝ። አምናታለሁ። ሰባት ቀን ጭማቂ ብቻ ስትጠጣ ሰውነት ያከማቸውን ስኳር ይጨርሳል። ያ ክምችት በአንድ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ነው የሚቀመጠው። ስኳሩ ሲያልቅ ውሃውም አብሮ ይሄዳል። እንጀራ በልታ ስትውል ይመለሳል።

በላብ መርዝ ይወጣል የሚባለውስ? ላብ በዋናነት ውሃና ጨው ነው፣ ሥራውም ሰውነትን ማቀዝቀዝ ነው። እንፋሎት ደስ ይላል፣ አልከራከርም። ፋሲል ግቢ ውስጥም እኮ የነገሥታቱ የእንፋሎት መታጠቢያ አለ። የደም ግፊት ክኒን የምትወስዱ ግን ከእንፋሎት ቤት ድንገት ብድግ ብላችሁ አትውጡ፣ ትወድቃላችሁ።

በዚህ ጉዳይ ከአንድ ሰው ጋር ተጨቃጭቄያለሁ። «ጾማችንም ዲቶክስ ነው፣ አባቶቻችን ኮሶ ይጠጡ የነበረውም ዲቶክስ ነው» አለ። በሁለቱም አልስማማም። ዓቢይ ጾም 55 ቀን የሚጾመው ለነፍስ ነው፤ ጉበት ለማጠብ የጾመ አያት አላውቅም። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ደግሞ ከመጾማችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ፣ መጠኑ መስተካከል አለበት።

ኮሶ ጭራሽ ሌላ ነው። አባቶቻችን ጠላታቸውን በስሙ ያውቁታል፦ ጥሬ ሥጋ ያመጣው የኮሶ ትል ነው። ትሉ ሲወጣ በዓይን ይታያል። ከሳፋው ፎቶ ይልቅ ኮሶው ለሕክምና ይቀርባል። ይህን ያልኩት ኮሶ ጠጡ ለማለት አይደለም። መጠኑ ሲበዛ ዓይን ያጠፋል፣ ይገድላልም። ዛሬ ለትሉ ክኒን አለው።

ስለ ኮሶ ግን አንድ የምወደው ነገር አለ። ኮሶ የጠጣ ሰው ያን ቀን ቤቱ ይውላል። እንግዳ ቢመጣ «ኮሶ ጠጥተዋል» ይባልና ይመለሳል። የሚጠራው፣ የሚያዘው የለም።

የአክስቴ ልጅን «ምን ምን ስትሠሪ ነበር?» አልኳት። ለዘጠኝ ሰዓት ያህል ትተኛለች። ጠዋት በባሕሩ ዳርቻ በእግሯ ትሄዳለች፣ ትዋኛለች። ስልኳን እንግዳ መቀበያ ላይ ታስቀምጣለች። አልኮል የለም። ሥራዋ በሌሊት ፈረቃ ነው፤ እንዲህ ተኝታ የማታውቀው ስንት ዓመቷ ነው። ፊቷ ላይ ያየሁት ለውጥ እውነት ነው፣ ያመጣውም ይኼው ነው።

«ታዲያ ሌላ ጊዜ አልሂድ?» አለችኝ።

«ሂጂ» አልኳት፣ «አቅሙ ካለሽ ሂጂ። የአንጀት እጥበት ሊያደርጉልሽ ቢሉ እምቢ በይ፤ የሰውነትን ጨው ያዛባል፣ አንጀት የተበሳበትም አለ። በእንክብል የሚሰጡሽን የአረንጓዴ ሻይ ንጥር ተዪው፣ ጉበቱን የጎዳው ሰው አለ። ሳፋውንም ተዪው። ዋናሽን ዋኚ፣ ተኚ።»

ፎቶውን እንደገና ከፈተችው። «እውነት እግር ባይኖርም ውሃው ቡናማ ይሆናል?» አለችኝ። ከዚያ ቡናችን ቀዝቅዞ ስለነበር ሌላ አዘዝን።