የጥንዶች የጥያቄና መልስ ጨዋታ

ባልና ሚስት ወይም እጮኛሞች አንዱ ስለ ሌላው ምን ያህል እንደሚያውቅ በእንግዶች ፊት የሚፈተኑበት የግብዣ ጨዋታ ነው። አንደኛው ወገን ከክፍሉ ይወጣል፤ የቀረው ይጠየቅና መልሱ ይጻፋል፤ የወጣው ተመልሶ ሲገባ ያንኑ ጥያቄ ይጠየቃል። መልሶቹ ከገጠሙ ነጥብ ይያዛል፣ ካልገጠሙ ቤቱ ይስቃል።

ጨዋታው ዛሬ በየሳሎኑ የያዘውን መልክ በአብዛኛው ያገኘው ከአሜሪካ ቴሌቪዥን ነው። የፕሮግራም አዘጋጁ የቸክ ባሪስ ድርጅት ያዘጋጀው «ዘ ኒውሊዌድ ጌም» (የአዲስ ተጋቢዎች ጨዋታ) ኤቢሲ በተባለው ጣቢያ መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 11 ቀን 1966 ሲሆን፣ መሪው የ28 ዓመቱ የሎስ አንጀለስ የራዲዮ ሰው ቦብ ዩባንክስ ነበር። በየዕለቱ አራት ጥንድ አዲስ ተጋቢዎች ይቀርቡ ነበር። በመጀመሪያው ዙር ሚስቶቹ ይወጡና ባሎቹ ሦስት ጥያቄ ይጠየቃሉ፤ የገጠመ መልስ 5 ነጥብ ያስገኛል። በሁለተኛው ዙር ተራው ይገለበጣል፤ ነጥቡ ወደ 10 ያድግና የመጨረሻዋ ጥያቄ ብቻዋን 25 ትይዛለች። ሁሉንም ያገጣጠሙ ጥንዶች 70 ያገኛሉ። ይህ አደላደል ብልህነት አለበት። የመጨረሻዋ ጥያቄ ከመጀመሪያው ዙር ሙሉ ውጤት ስለምትበልጥ፣ ወደ ኋላ የቀሩት ጥንዶች እስከ መጨረሻው ተስፋ አይቆርጡም። እቤት የሚያጫውት ሰውም ይህን ቢከተል ጥሩ ነው።

በእንግሊዝ ደግሞ «ሚስተር ኤንድ ሚስስ» የተባለ የቅርብ ዘመዱ ለብዙ ዓመታት ታይቷል።

ጨዋታው የሚያስቀው ሰዎች ትዳር ጓደኛቸውን ስለማያውቁ አይደለም፤ እናውቃለን የሚሉትን ያህል እንደማያውቁ የሚጠረጥሩ ጥቂቶች ስለሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ዊልያም ስዋንና ማይክል ጊል የተባሉ አሜሪካውያን የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ አብረው ረጅም ጊዜ የቆዩ ጥንዶች ስለ ጓደኛቸው ያላቸው እርግጠኝነት ከፍ ቢልም ግምታቸው ግን በዚያው ልክ ትክክል አልሆነም። ስለዚህ በግብዣ ላይ 20 ዓመት በትዳር የቆዩትን ከአዲስ ሙሽሮች ጋር ማጋጠም ፍርደ ገምድልነት አይደለም። እንዲያውም ውድድሩ የሚሞቀው እንዲያ ሲሆን ነው።

የመሪው ትልቁ ሥራ ጥያቄ መምረጥ ነው። ጥሩ ጥያቄ መልሱ አጭር፣ ለመፍረድም የማያከራክር ነው። «ባልሽ የሚወደው ምግብ ምንድን ነው?» ከተባለ ሁለቱም ልክ ሆነው መልሳቸው ላይገጥም ይችላል። «ዶሮ ወጥ ሲቀርብለት ቀድሞ የሚያነሳው የትኛውን ብልት ነው?» ሲባል ግን መልሱ ከ12ቱ ብልቶች አንዱ ብቻ ነው፤ እሷ «ፈረሰኛ» ብላ ጽፋ እሱ «ክንፍ» ካለ ክርክር የለም። «ከተኳረፋችሁ ቀድሞ የሚያናግረው ማነው?» የምትለዋም ብዙ ጊዜ አታሳፍርም፤ ሁለቱም «እኔ ነኝ» ሲሉ ቤቱ ይናጋል።

የማይነኩ ጉዳዮች አሉ። ደሞዝ፣ የድሮ ፍቅረኛና የአማት ነገር ከግብዣው በኋላም እቤት ድረስ ተከትሎ ይሄዳል። አሜሪካኖቹ እንኳን የአልጋን ነገር በሽፍንፍን «ዉፒ» ይሉት ነበር፤ ጋሼና እትዬ፣ ልጆችም ጭምር በሚቀመጡበት ሐበሻ ቤት ጨርሶ ባይነሳ ይሻላል። ከጨዋታው በፊት እያንዳንዱን ጥንድ ለብቻ «የማትፈልጉት ነገር አለ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ለመጫወት ያልፈለገን ሰው በጭብጨባ ጎትቶ ማስነሳት ግን ነውር ነው።

ለዝግጅቱ ብዙ ነገር አያስፈልግም። ከሦስት እስከ አምስት ጥንድ፣ ወፍራም ማርከርና ከሩቅ የሚነበብ ወረቀት ይበቃል። መልሱ በቃል ብቻ ከተያዘ «እንዲህ አላልኩም» ይመጣል፤ ስለዚህ የወጡት ከመጠራታቸው በፊት ይጻፍና ወረቀቱ ተገልብጦ ጭን ላይ ይቀመጥ። የወጡት ያሉበት ክፍል ሙዚቃ ይከፈትበት፤ ስልካቸውንም መሪው ይያዝ፣ አለዚያ መልሱ በቴሌግራም ቀድሟቸው ይደርሳል። ነጥብ የሚይዘው ሌላ ሰው ቢሆን መሪው ዓይኑን ከተጫዋቾቹ ፊት አያነሳም፤ የአንዷ ፊት ሲለዋወጥ ካየ ሳያስታውቅ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ማለፍ ያለበት እሱ ነውና።

በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ አገር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ጨዋታው በብራይዳል ሻወር (ከሰርግ በፊት ለሙሽራዋ በሚደረግ ግብዣ)፣ በሰርግ ሰሞን ግብዣዎችና አብያተ ክርስቲያናት በሚያዘጋጁት የባለትዳሮች ምሽት ላይ ይገኛል። በሰርግ ላይ የሚመረጠው አጭሩ ዓይነት የጫማ ጨዋታ ነው። ሙሽሮቹ ጀርባ ለጀርባ ይቀመጡና አንዳንድ ጫማ ይለዋወጣሉ፤ «ብዙ የሚያንኮራፋው ማነው?» ሲባሉ መልሱ ነው የሚሉትን ሰው ጫማ ከፍ ያደርጋሉ። መውጣት መግባት ስለሌለው ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ያለውን ጊዜ ለመሙላት ይመቻል፤ ነጥብም አይያዝበትም።

ነጥብ በሚያዝበት ጨዋታ ሁለት ጥንዶች እኩል ከወጡ የቴሌቪዥኑን መፍትሔ መዋስ ይቻላል። ጥንዶቹ ገና ሲጀመር ስንት ነጥብ እንደሚያመጡ ገምተው ይጽፋሉ፤ መጨረሻ ላይ ወረቀቱ ይከፈትና ከውጤታቸው ሳያልፉ ይበልጥ የቀረቡት ያሸንፋሉ።