በሬኔሳንስ ፌስቲቫል የሚታየው ምትሃት፦ የትኛው የዚያ ዘመን ነው፣ የትኛው የኛ ዘመን ፈጠራ?

አሜሪካ ውስጥ ሰው እንደ 16ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ለብሶ የሚውልባቸው ትልልቅ ባዛሮች አሉ። ሬኔሳንስ (የአውሮፓ የጥበብ ትንሣኤ ዘመን) ፌስቲቫል ይሏቸዋል። ፈረስ ላይ ሆነው በጦር የሚገጥሙ ባላባቶች፣ ንጉሥ ከነአጃቢዎቹ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ የቱርክ ዶሮ እግር ይዞ እየበላ የሚዞር ሕዝብ፣ ሁሉም እዚያ አለ። የምትሃት መድረክ የሌለበት ፌስቲቫል ደግሞ ማግኘት ይከብዳል። ጥያቄው እዚህ ላይ ይመጣል። ምትሃተኛው የሚያሳየን በእውነት የዚያን ዘመን ትርኢት ነው ወይስ ልብሱ ብቻ ነው የድሮው?

መጀመሪያ አጭር ታሪክ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ነገሩ የተጀመረው በ1963 ሎስ አንጀለስ አካባቢ ነው። መምህርት የነበረችው ፊሊስ ፓተርሰንና ባለቤቷ ሮን፣ ኬፒኤፍኬ ለተባለ ሬዲዮ ጣቢያ ገንዘብ ለማሰባሰብ ያዘጋጁት የሁለት ቀን ዝግጅት ነበር። ሰው ወደደው፣ ሌሎችም ቀዱት። በ1971 ሚኒሶታ፣ በ1974 ቴክሳስ፣ በ1977 ደግሞ ሜሪላንድ ላይ ተጀመረ። የሜሪላንዱ አሁን አናፖሊስ አጠገብ ክራውንስቪል ውስጥ ነው፣ ከነሐሴ መጨረሻ ጀምሮ እስከ ጥቅምት ቅዳሜና እሁድ ይካሄዳል። ሲልቨር ስፕሪንግና ዲሲ አካባቢ ላላችሁ ሐበሾች ሩቅ አይደለም። የፌስቲቫሉ ምናባዊ መንደር ሬቨል ግሮቭ ይባላል፣ ንጉሡም ሄንሪ 8ኛ ነው።

ወደ ምትሃቱ እንመለስ። የዚያ ዘመን ትርኢተኛ ምን ያሳይ እንደነበር የምናውቀው በግምት አይደለም፣ ጥሩ ማስረጃ አለ። አንደኛው በሰዓሊው በሄሮኒመስ ቦሽ ወይም በእሱ ወርክሾፕ እንደተሳለ የሚነገር፣ በ1500ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ የተሠራ ሥዕል ነው። ጠረጴዛ አለ፣ ላዩ ላይ ስኒ መሰል ዋንጫዎችና ትንንሽ ኳሶች። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ጎንበስ ብሎ ያያል፣ ከኋላው ደግሞ ኪስ አውላቂ ቦርሳውን ይፈታል። ይህ የዋንጫና የኳስ ጨዋታ በሮማውያን ዘመን ሳይቀር የታወቀ ነበር፣ ፈላስፋው ሴኔካ ጠቅሶታል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከሁሉም ይበልጣል። በ1584 ሬጂናልድ ስኮት የተባለ በእንግሊዝ የኬንት ሰው ስለ ጥንቆላ ትልቅ መጽሐፍ አሳተመ። ዓላማው ትርኢተኞችን ማጋለጥ አልነበረም። በጥንቆላ እየተከሰሱ የሚገደሉት ምስኪን አሮጊቶች ምንም ኃይል እንደሌላቸው ማሳየት ነበር የፈለገው። ለዚህም አንድ ሰው በእጅ ቅልጥፍና ብቻ ዓይንን እንዴት ማታለል እንደሚችል አንድ በአንድ ዘረዘረ፣ ለንደን ውስጥ ይኖር የነበረ ካውታሬስ የሚባል ፈረንሳዊም ረድቶታል። በዚያው ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ሊዮን ላይ ዣን ፕረቮ የሚባል ሰው በፈረንሳይኛ ተመሳሳይ መጽሐፍ አውጥቷል።

ስኮት የጻፋቸውን ስታነቡ ትገረማላችሁ። ሳንቲም ከእጅ ወደ እጅ ማዛወር፣ የተቆረጠ ማሰሪያን መልሶ ሙሉ ማድረግ፣ የመጫወቻ ካርታ መለየት፣ ወስፌ ግንባር ውስጥ የገባ ማስመሰል (እጀታው ባዶ ነው፣ ብረቱ ወደ እጀታው ይገባል)። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ግን የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት መቆረጥ የሚባለው ነው። ጠረጴዛው ሁለት ቀዳዳ አለው። አንዱ ልጅ ጭንቅላቱን በቀዳዳው ወደ ታች አስገብቶ ይተኛል፣ ስለዚህ አካሉ ብቻ ይታያል። ሁለተኛው ጠረጴዛው ስር ተቀምጦ ጭንቅላቱን በሌላው ቀዳዳና በሳህኑ በኩል ያወጣል። አንገቱ ዙሪያ በበሬ ደም የተለወሰ ሊጥ ይደረጋል፣ ፊቱ የሬሳ ፊት እንዲመስል ደግሞ ከፊቱ ድኝ ይጨስበታል። ይህ እንግዲህ በ1584 የተጻፈ ነው! ስኮት ስለ አንድ የለንደን ትርኢተኛም ይነግረናል። ሆዱን በጩቤ የሚወጋ መስሎ የሚያሳይ ሰው ነበር። አንድ ቀን ሰክሮ ከልብሱ ስር የሚያደርገውን መከላከያ ረሳና በእውነት ራሱን ወግቶ ሞተ።

አሁን በፌስቲቫሎች የምናየውን ከዚህ ጋር እናስተያየው። ሴትን በሳጥን አስተኝቶ በመጋዝ መቁረጥ? ምትሃተኛው ሴልቢት ለንደን ላይ ለሕዝብ ያሳየው በ1921 ነው። እጅን ከሰውነት ጋር አጥብቆ ከሚያስረው የእብድ ጃኬት አምልጦ መውጣት? የታዋቂው የማምለጥ ትርኢተኛ የሁዲኒ ዘመን ነገር ነው። እርስ በርስ የሚቆላለፉት የብረት ቀለበቶች በአውሮፓ መድረክ የታወቁት በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። የመጫወቻ ካርታ በዚያ ዘመን ነበር፣ ግን ጥጉ ላይ ቁጥር የተጻፈበትና ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት የሆነው ካርታ በጣም ቆይቶ የመጣ ነው።

እኔ ግን እነዚህ ብዙም አያሳስቡኝም። ቀለበቱ ካለ ይኑር፣ ልጆች ይወዱታል። ትልቁ የታሪክ ስህተት ያለው ባለ ኮከብ ካባ ለብሶ፣ ሹል ኮፍያ አድርጎ፣ «የመናፍስት ኃይል አለኝ» እያለ የሚፎክረው ትርኢተኛ ላይ ነው። በቀዳማዊት ንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ማለት ከሞት ጋር መጫወት ነበር። በ1563 የወጣው ሕግ መናፍስት መጥራትን በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። በ1572 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ያለ ዳኞች ፈቃድ የሚዞርን ትርኢተኛ ከወሮበላ ይቆጥረዋል፤ ቅጣቱ ግርፋትና ጆሮን በጋለ ብረት መብሳት ነበር። ስለዚህ ለዚያ ዘመን ምትሃተኛ የሚሻለው የእጄ ፍጥነት ነው እያለ እያሳቀ ማሳየት ነበር። ሰው በጥንቆላ ተከሶ በሚሰቀልበት አገር ይህን ፍርሃት ደምስሶ ምትሃትን የተረት ጌጥ ብቻ ማድረግ ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ታሪኩ የሚጥመው እዚያ ላይ ነው።

በሌላ በኩል ትርኢተኛውን መረዳት ያስፈልጋል። ሜዳ ላይ ነው የሚሠራው። ጎኑ ከበሮ ይመታል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ ተመልካቹ ካልሳቀ ተነስቶ ወደ ቢራው ይሄዳል። ብዙዎቹ ዋና ገቢያቸው በትርኢቱ መጨረሻ ኮፍያ ሲዞር የሚጣልላቸው ገንዘብ ነው። የአንገት መቆረጡን ትርኢት ከነደሙ ከነድኙ ለአምስት ዓመት ልጅ አሳይ ማለት አይቻልም። ደግሞም ሕዝብ መሰብሰቡ፣ ከተመልካች ጋር መጎሻሸሙ፣ መጨረሻ ላይ ሳንቲም መለመኑ ራሱ የድሮው ገበያ አሠራር ነው። በዚህ በኩል የዛሬው ትርኢተኛ ከሙዚየም ባለሙያው ይልቅ ለ16ኛው ክፍለ ዘመን ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። ይህ መድረክ ትልቅ ትምህርት ቤትም ሆኗል፤ በዓለም የታወቁት ሁለቱ ምትሃተኞች ፔንና ቴለር አብረው መሥራት የጀመሩት በ1975 በሚኒሶታ ሬኔሳንስ ፌስቲቫል ነው።

የእኔ ምርጫ ግልጽ ነው። ሦስት ዋንጫ፣ ጥቂት ኳስ፣ ወገብ ላይ የታሰረ ቦርሳና ስለታም ምላስ ያለው ሰው ካያችሁ እዚያ ቁሙ። ጨዋታው ታሪክንም ሳቅንም አንድ ላይ ይሰጣል፣ ምንም ማሻሻያ ሳያስፈልገው። ከፊት ከቆማችሁ ዓይናችሁን ከእጁ ይልቅ ቦርሳው ላይ አድርጉ፤ መጨረሻ ላይ ከዋንጫው ስር የሚወጣው ሎሚ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከዚያ ነው።