የሰሜን ሸዋ ዳገት ማሳና እርከን

ከደብረ ብርሃን አልፎ ወደ ጣርማበር፣ አንኮበርና መንዝ ያለው ደጋ አብዛኛው ማሳው ተዳፋት ነው፣ ገብሱም ባቄላውም ዳገት ላይ ነው የሚዘራው። ከጣርማበር በስተምስራቅ የሚወርደው ጎርፍ ወደ አዋሽ በስተምዕራብ ያለው ደግሞ በጀማ በኩል አባይ ይገባል፣ አፈሩም አብሮ ይሄዳል።

ብዙ አፈር የሚታጠበው ክረምቱ ሲገባ ነው፣ ማሳው ታርሶ ለስልሶ ቡቃያው ገና መሬቱን ሳይሸፍን። መጀመሪያ ጣት የምታህል ቦይ ትወጣለች፣ በሚቀጥለው እርሻ ስለምትደፈን ምንም የተጎዳ አይመስልም፣ አፈሩ ግን ሄዷል። በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተሰራ ግምት በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ መሬት በአመት በአማካይ ከሄክታር 42 ቶን አፈር ይታጠባል ይላል፣ ወደ 4 ሚሊሜትር ውፍረት ማለት ነው፣ እና ያን ያህል አፈር በአመት አይተካም።

እርከን እዚህ አገር አዲስ ነገር አይደለም፣ ይፋት ውስጥ የድንጋይ ካብ ከድሮም አለ። በመንግስት ደረጃ በሰፊው የተሰራው ግን ከ1966ቱ ረሀብ በኋላ በደርግ ጊዜ በምግብ ለስራ ነው፣ ገበሬው በደንብ ስላልተጠየቀበት 1983 ላይ መንግስት ሲቀየር ብዙ ቦታ ፈረሰ። ደብረ ሲና አካባቢ ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለው የአንዲት ጥድ የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ እ.ኤ.አ. በ1982 ተከፍቶ የዝናቡን፣ የጎርፉንና የአፈሩን መጠን ሲለካ ቆይቷል፣ ስራውን የጀመሩት ግብርና ሚኒስቴርና የስዊዘርላንዱ በርን ዩኒቨርሲቲ ናቸው።

ድንጋይ ባለበት ካብ ይካባል፣ በሌለበት የአፈር እርከን ይሰራል፣ ፋንያ ጁ የሚባለው ከኬንያ የመጣው ደግሞ ቦዩን ቆፍሮ አፈሩን ወደ ላይኛው በኩል መወርወር ነው፣ በአመታት ውስጥ ማሳው ራሱ ደረጃ እየሆነ ይሄዳል። ለኔ ትልቁ ጉዳይ ውሃው ነው። ቆላ ላይ ውሃው ማሳው ውስጥ እንዲቀር ነው የሚፈለገው፣ እዚህ ብርድና እርጥብ ደጋ ላይ ግን ልክ ለጥ ያለ እርከን ከሰራህ ውሃ ይተኛና ገብሱ ቢጫ ይሆናል፣ ከዛ ሞልቶ አንድ ደካማ ቦታ ይጥሳል፣ ከስር ያለው የጎረቤት ማሳ ቦረቦር ይሆናል። ስለዚ እርከኑ ትንሽ ዘንበል ይላል፣ በ10 ሜትር ገመድ መሀል የውሃ ልክ ተንጠልጥሎ ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅታ ይሰጠዋል፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ሳር የለበሰ ወይ ድንጋይ የተነጠፈበት መውረጃ ያስፈልጋል። ይሄን መውረጃ ሳያዘጋጁ እርከን መስራት ጉዳቱ ይብሳል ባይ ነኝ፣ በየአመቱ ጥርና የካቲት በሚወጣው የተፋሰስ ዘመቻም መጀመሪያ መሰራት ያለበት እሱ ነው።

የገበሬው ቅሬታም ተገቢ ነው፣ እርከን መሬት ይበላል፣ በሬ ማዞር ያስቸግራል፣ ካቡ ውስጥ አይጥ ይራባል፣ ጥቅሙም በአንድ አመት አይመጣም። ሰውን የሚያስማማው እርከኑ ላይ የሚተከለው መኖ ነው፣ ደሾ ሳር ወይ ትሪ ሉሰርን የሚባለው የመኖ ዛፍ፣ አጭዶ ለከብት ለመስጠት። ለዚህ ግን አዝመራ ከተነሳ በኋላ ያለው ልቅ ግጦሽ መቆም አለበት፣ አለዚያ ከብቱ ሳሩን ይጨርሳል እርከኑንም ረግጦ ያፈርሰዋል።